ያልመለሰው ድንጋይ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ የዚህችን ሴት ታሪክ ከአባቷ ወፍጮ ቤት መጀመር ይሻላል።

አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አባቷ ከአንድ ባለወፍጮ በርካሽ የገዛውን ድንጋይ ከገጠመ ገና ጥቂት ቀኑ ነው። ሞተሩ ይጮሃል፤ ከሞተሩ ወደ ድንጋዩ የተዘረጋው የጎማ ቺንጋ አየሩን ይገርፋል። እሷ ዱቄቱ ከሚወርድበት ቋት ሥር ተንበርክካ በመጥረጊያ ትሰበስባለች። አባቷ እህል ማፍሰሻው ሣጥን ላይ ጎንበስ ብሎ ስንዴውን በመዳፉ ይገፋ ነበር። ድንገት ቀና ብሎ አያትና አንድ ነገር ሊላት አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደነበረ እስከ ዛሬ አታውቅም። ድንጋዩ ፈነዳ።

ግማሹ ድንጋይ የጣሪያውን ቆርቆሮ በስቶ ወጣ። ግማሹ አባቷን ደረቱ ላይ አግኝቶ ከግድግዳው ጋር ለጠፈው። ፍንጣሪው እንደ በረዶ ወረደ። እሷን ያተረፋት ወፍራሙ የቋት እንጨት ነው። ቢሆንም አንዲት ስለት መሳይ ቁራጭ ሾልካ የግራ ጆሮዋን ከመሃል ቆርጣ ወሰደችው። ሰዎች ሮጠው ሲገቡ ቤቱ ሁሉ ነጭ ነበር። እሷ ያለችበት ቦታ ብቻ ዱቄቱ በደም ተቦክቷል። ሞተሩ ግን አሁንም ይዞር ነበር፤ የሚያጠፋው ሰው አልነበረም።

በለቅሶው ላይ ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው ድንጋዩን የሸጠው ሰው ነው። ደረቱን እየደቃ፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ሲጮህ ሰው ደግፎ አስወጣው። ከቀናት በኋላ አንድ ሽማግሌ ወቃሪ መጡ። ወቃሪ ማለት የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ በመውቀሪያ እየወቀረ መልሶ ጥርስ የሚያወጣለት ባለሙያ ነው። ሽማግሌው ስብርባሪውን ለቃቅመው ገጠሙና እናትየዋን ጠሯት።

«ነይ እይ፣ ልጄ። ይሄ ስንጥቅ ትናንት የመጣ አይደለም። በሊጥና በኖራ ተለስኗል። የሸጠው ሰው ያውቅ ነበር።»

እናትየዋ ልጇን እየጎተተች ወደ ሰውየው በር ሄደች። አልካደም። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «አልዋሸሁም እኮ እመቤቴ። ዝም ነው ያልኩት። ጠይቆኝ ቢሆን እነግረው ነበር። አልጠየቀኝም» አለ።

«አልጠየቀኝም።» ይቺ ቃል ከቆሰለው ጆሮዋ ገብታ እዚያው ቀረች። ሰው «ዝምታ ወርቅ ነው» ብሎ ሲተርት በሰማች ቁጥር ተነስታ ትወጣ ነበር።

ሽማግሌው ለልጅቷ አዘኑላት። ከወፍጮ ቤት ወፍጮ ቤት ሲዞሩ መሣሪያቸውን አስይዘው ሙያውን አስተማሯት። ከሁሉ በፊት ያስተማሯት ግን መውቀር አልነበረም፤ ማንኳኳት ነው። ወፍጮ ከመነሳቱ በፊት ድንጋዩ በመውቀሪያው ጀርባ ይንኳኳል። ጤነኛ ድንጋይ እንደ ደወል ጥርት አድርጎ ይመልሳል። የታመመ ድንጋይ ድምፁን ይውጣል፤ እንደ እርጥብ እንጨት ድብ ብሎ ይቀራል።

«ዓይን ይታለላል» ይሉ ነበር ሽማግሌው። «ሊጥና ኖራ ዓይንን ያታልላል። ድምፅ ላይ ግን ልስን የለም።»

እንዲህ አድጋ፣ ባለሙያ ሆና፣ የራሷን ወፍጮ ስታቆም ሰፈሩ «አንኳኪ» አላት። ጥዋት ጥዋት የእህል ከረጢት የተሸከሙ ሴቶች በሩ ላይ ተሰልፈው፣ እሷ ከውስጥ ሆና ደህናውን ጆሮዋን ድንጋዩ ላይ ለጥፋ ስታንኳኳ፣ «አንኳኪ! ዛሬስ ማን ከፈተልሽ?» እያሉ ይሳሳቁባታል። እሷም፣ «ገና ነው፤ ልብስ እየለበሰ ነው» ትላለች።

ወፍጮውን ያቆመችው ከባሏ ጋር ነው። እሱ የእህል ደላላ ነበር፤ ሞተሩን እሱ ገዛ፣ ድንጋዮቹን እሷ። ሰውየው ዱቄት ቤት ውስጥ ጥቁር ኮት ለብሶ የሚውል ሰው ነው። ሥራው ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጦ ሒሳብ መቀበል ስለሆነ፣ ዱቄት እንደማይነካው ዓለም ሁሉ እንዲያውቅለት ይፈልጋል። ስሙ ተረስቶ «ባለኮቱ» ሆኖ ቀረ። አንዲት ሴት ዱቄቷን ስታራግፍ አንዲት ቅንጣት ብታርፍበት ለግማሽ ቀን ያኮርፋል።

መጥፎው ኩርፊያው አልነበረም። ቺንጋ ሲያልቅ ይጣላል፤ እሱ ግን ያለቀውን ቺንጋ ክንድ በሚያህል ልክ ቆርጦ ከበሩ ጀርባ ሰቅሎት ነበር። የሚመታት ሞተሩ ሲነሳ ነው። ጩኸቷን ሞተሩ ይውጠዋል፤ ደንበኞቹ ውጭ ሆነው «ዛሬ ወፍጮው በረታ» ይላሉ። እህል ዘገየ ብሎ መታት። ለሽማግሌው ወቃሪ ምሳ አቀረብሽ ብሎ መታት። አንድ ጊዜ አንገቷን ይዞ ፊቷን ከሚሽከረከረው ቺንጋ ጥፍር ያህል አስጠግቶ፣ «ሌላውን ጆሮሽን ልጨምርልሽ?» አላት። ነፋሱ ሽፋሽፍቷን ሲገርፈው ይሰማት ነበር። እሷ ጀርባዋን በዱቄት ሸፍና ትወጣና ሥራዋን ትቀጥላለች። ኩሩ ሴት ናት። ገበናዋን ለጎረቤት መዘርገፍ ከዱላው ይልቅ ያማት ነበር።

ልጅ አላቸው። ሁልጊዜ ዱቄት ለብሳ ስለምትታይ «ጥጢት» ነው የሚሏት። ሰባት ዓመት የሆናት ጊዜ ጥጢት ስትሮጥ መጥታ በዱቄታም እጇ የአባቷን ኮት ያዘች። ባለኮቱ ቺንጋውን ከሰቀለበት አወረደ። የመጀመሪያው ምት የልጅቷን እግር ሲያቀላ እናትየዋ አየች። ሁለተኛውን አላየችም፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ከመውረዱ በፊት መውቀሪያው በእጇ ነበር፣ የባለኮቱም ግንባር ተከፍቶ ነበር። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ እንደ ዕውር ግድግዳውን እየዳሰሰ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አንድ ጣሪያ ሥር አላደሩም። ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ።

ዳኛዋ ድምፃቸው ለስለስ ያለ፣ ያረጀ ሹራብ ከካባቸው ሥር የሚለብሱ ሴት ነበሩ።

«ክብርት ዳኛ፣ ሞተሩን የገዛሁት እኔ ነኝ። ነቅዬ እወስዳለሁ» አለ ባለኮቱ።

«እኔም ድንጋዮቼን» አለች አንኳኪ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ሁለቱንም አዩዋቸው። «ሞተር ያለ ድንጋይ ጩኸት ነው። ድንጋይ ያለ ሞተር መቀመጫ ነው። ታዲያ ምኑን ነው የምትካፈሉት?»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛዋ ግን ቀጠሉ። በትዳር ውስጥ የተፈራ ሀብት የማንም ገንዘብ ይግዛው፣ እኩል ይካፈላል። ወፍጮ እንደ ዳቦ ስለማይቆረስ፣ ተገምቶ አንዱ ለሌላው ድርሻውን ከፍሎ ያስቀረዋል፤ ካልተስማሙ ይሸጣል። ግምቱ እስኪመጣ ወፍጮው እንዳይቆም አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እሷ ያሠሩት።

ስለ ልጅቷ ሲነሳ ባለኮቱ ጸጉሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ጠባሳውን አሳየ። «ይቺ መውቀሪያ የምታነሳ ሴት ናት ልጅ የምታሳድገው?»

እሷ ልታሳይ የምትችለው ከሱ የበለጠ ነበራት። ጀርባዋ የቺንጋ ካርታ ነው። በሰው ፊት ልብሷን መግለጥ ግን ሞት መሰላት፤ «መትቶኛል» ብላ ብቻ አቀረቀረች። የሱ ጠባሳ ታየ፤ የሷ አልታየም። የመጨረሻው ውሳኔ እስኪሰጥ ልጅቷ ከአባቷ እናት ጋር እንድትቆይ ተወሰነ።

ኮሪደሩ ላይ ባለኮቱ አጠገቧ መጥቶ ቀስ ብሎ አንሾካሾከ። «ወፍጮውም የኔ፣ ልጅቷም የኔ። አንቺ ጆሮሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ እሱም ግማሽ ነው።»

ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት፣ በሱ ቀን፣ ባለኮቱ አንድ ስህተት ሠራ። ወፍጮ የሚያውቅ ሰው ሣጥኑ ባዶ ሊሆን ሲል ድንጋዮቹን ያላቅቃል፤ ያለ እህል ድንጋይ ድንጋይን ይበላል። እሱ ውጭ ከአንድ ነጋዴ ጋር ወሬ ይዞ ሣጥኑ ባዶ ቀረ። ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው ተፋጩ፣ ጋሉ፣ ጭስ አወጡ። ሮጦ ገብቶ ሞተሩን አጠፋና፣ እሳት ሊያጠፋ እንደመጣ ሰው፣ የጋለው ድንጋይ ላይ አንድ ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ገለበጠበት።

በማግስቱ በሷ ቀን አንዲት በቆሎ ሻጭ ደንበኛዋ እየሳቀች ነገረቻት። «ትናንት ብታዪ! ባልሽ ድንጋዩን ገላ አጠበው እኮ! እንፋሎቱ መንገድ ድረስ!»

አንኳኪ አልሳቀችም። መውቀሪያውን አነሳች፣ ጆሮዋን አስጠጋች፣ አንኳኳች። ድብ። በሌላ በኩል ዞራ አንኳኳች። ድብ። ድንጋዩ ድምፁን ዋጠ። ያን ድምፅ ሽማግሌው ሲያስተምሯት ሁለት ሦስት ጊዜ አሰምተዋታል፤ እንዲህ ከባድ ሆኖ ግን ሰምታው አታውቅም።

«ዛሬ ወፍጮ የለም» ብላ ሰዎቹን መለሰች። በሩን ገርበብ አድርጋ የተገለበጠ ጣሳ ላይ ተቀመጠች። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣው። ሐሳቡ እንደ ሌባ አልመጣም፤ እንደ ባለቤት በሩን ከፍቶ ገባ።

ነገ የሱ ቀን ነው። ይመጣል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ይላል። እሷ ምንም ማድረግ አይኖርባትም። መርዝ አትገዛ፣ ቢላ አትስል። ቁልፉን በቦታው ሰቅላ መሄድ ብቻ። ከዚያ ወዲያ ችሎት የለም፣ ግምት የለም፣ ግማሽ የለም። ጥጢት የሷ ናት። ደረቱን በዓይነ ኅሊናዋ አየችው፤ ኮቱ ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ። ቢያሳፍርም፣ ደስ አላት። በለቅሶው ላይ እንዴት እንደምታለቅስ ሳይቀር አሰበች። ድንጋዩን ያበላሸው እሱ ራሱ ነው። ደግሞስ መች ጠየቀኝ?

አልጠየቀኝም። ቃሉ የራሷ መሆኑን ስታውቅ ከጣሳው ላይ ብድግ አለች። ግን ተመልሳ ተቀመጠች። አዎ፣ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ዋለች።

ከትምህርት ቤት መልስ ጥጢት በበሩ ክፍተት ገባች። አያቷ ሳያዩ በእናቷ ቀን ለጥቂት ጊዜ መግባት ለምዳለች። እናቷን ሳመቻት፤ ከዚያ እንደ ልማዷ መውቀሪያውን በሁለት እጇ አንስታ፣ ጆሮዋን ድንጋዩ ላይ ለጥፋ አንኳኳች። እንደገና አንኳኳች። ግንባሯን ቋጠረች።

«እማዬ፣ ድንጋዩ አልመለሰም።»

«ዝም በይ!»

ልጅቷ የተመታች ያህል ወደ ኋላ አለች። ከእናቷ አፍ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምታ አታውቅም፤ የምታውቀው ከአባቷ ነው።

«እሺ» አለች ቀስ ብላ። «ለማንም አልናገርም?»

«ለማንም።»

ጥጢት መውቀሪያውን በቦታው አስቀመጠች። ትንሽ አሰበች። «ለአባዬም?»

እናትየዋ የልጇን ዓይን ልታይ ፈልጋ አቃታት። እዚያ ዓይን ውስጥ ነገ የሚሆነው ሁሉ ተጽፎ ነበር። ልጅቷ አባቷን ትቀብራለች፣ ታድጋለች፣ ዕድሜዋን ሙሉም «እናቴ ታውቅ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር» ትላለች። እጇን ይዛ እስከ አያቷ በር አደረሰቻት። መንገዱን ሁሉ እንባዋ ይወርድ ነበር።

ሲነጋጋ እዚያው በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ጥጢት ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ ጎንበስ አለችላት። «ትናንት ልክ ሰምተሻል። ድንጋዩ ታሟል። ዝም በይ ያልኩሽ እኔ ተሳስቼ ነው። አሁን ሄጄ ለአባትሽ እነግረዋለሁ።»

ወፍጮ ቤቱ ስትደርስ ሴቶቹ ከነከረጢታቸው ገብተው ሞልተዋል። አንዲት የደረሰች እርጉዝ ሣጥኑን ተደግፋ ቆማለች። ባለኮቱ እጅጌውን እያስተካከለ ወደ ሞተሩ ሊሄድ ነው።

«ዛሬ የማን ቀን ነው?» አለ ሲያያት።

«ያንተ ነው። ሞተሩን ግን አታስነሳ። ድንጋዩ ተሰንጥቋል።»

«ማን ነገረሽ?»

«ድንጋዩ።»

ወደ ሴቶቹ ዞረ። «ሰማችሁ? ሰው ቢያልቅባት ከድንጋይ ጋር ማውጋት ጀመረች!»

ሁለት ሦስቱ ሳቁ። እሷ ቀረብ አለችው። «በአባቴ ሞት እምልልሃለሁ። ውሃ ስትደፋበት ነው የሞተው። ብታስነሳው ይፈነዳል።»

«አባትሽን የገደለው ድንጋይ ነው፤ እኔን የምትገድይኝ አንቺ ነሽ። ትናንት በቀንሽ ዘግተሽ ዋልሽ። ስንጥቅ ካለ ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?»

ይሄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። በሕይወቱ ሙሉ ከጠየቃት ጥያቄ ሁሉ ትክክለኛው እሱ ነው። አቀረቀረች።

«አየሽ!» አለና ሞተሩ ወዳለበት ጓዳ ገባ። ሞተሩ አንዴ አሳለ። ሁለቴ አሳለ።

«ውጡ!» ብላ ጮኸች በሴቶቹ ላይ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። እርጉዟን በክንዷ ጎትታ ወደ በሩ ወረወረቻት፤ ያን ጊዜ ሌሎቹ ተጋፍተው ወጡ። ሞተሩ ያዘ። ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ባለኮቱ ቺንጋውን ወደ ድንጋዩ ለማሻገር ዘንጉን ሲይዝ በክፍቱ በር በኩል ጀርባውን ታየዋለች። ማዕዘን ላይ የተቀመጠውን ትልቁን መዶሻ አነሳች። ሣጥኑን በእግሯ ገፍታ ገለበጠችው፤ ስንዴው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። መዶሻውን ከራሷ በላይ አውጥታ ድንጋዩን መታችው። እጇ እስከ ጥርሷ ድረስ ነዘራት። እንደገና። እንደገና። አባቷን የገደለውን ድንጋይ እየመታች ይሁን፣ ያን ሻጭ እየመታች ይሁን፣ ባሏን ይሁን፣ ትናንት ጣሳው ላይ የተቀመጠችውን ራሷን ይሁን አልታወቃትም። ድንጋዩ እንደ ሰው አቃስቶ ለሁለት ተከፈለ።

ባለኮቱ ሲወጣ ሁለቱን ክፋይ አየ። በእጇ ያለውን መዶሻ አየ።  ቺንጋውን ከበሩ ጀርባ አወረደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሴቶቹ ናቸው የሚናገሩት። መዶሻውን ጣለችው እንጂ አላነሳችበትም ይላሉ። ፊቷን፣ አንገቷን፣ የሸፈነችበትን ክንድ በቺንጋው ቀደደው። ስትወድቅ ጸጉሯን ይዞ በፈሰሰው ስንዴ ላይ ጎተታት፤ ድንጋዩ ላይ አስተኝቶ በጫማው ትከሻዋን ሲረግጠው ከሞተሩ ጩኸት በላይ ቀጭ ሲል ተሰማ። ዛሬ ግን በሩ ክፍት ነበር። ዛሬ ሁሉም አዩ። መጀመሪያ የገባችው ያቺ በቆሎ ሻጭ ናት፤ ከቋቱ አንድ ሰፌድ ሙሉ ዱቄት ዝቃ ዓይኑ ውስጥ ደፋችበት። ሌሎቹ ከላይ ሰፈሩበት። አንዷ በጥርሷ እጁን ያዘች፤ አንዷ ባዶ ከረጢት ራሱ ላይ አጠለቀችበት። ጥቁሩ ኮት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነጭ ሆነ፤ በቦታ በቦታውም ቀይ።

በቀጠሮው ቀን አንኳኪ ክንዷ ከደረቷ ጋር ታስሮ፣ አንድ ዓይኗ አብጦ ቀረበች። ባለኮቱ ቀድሞ ተነሳ።

«ክብርት ዳኛ፣ ፍርድ ቤቱ ይገመት ያለውን የጋራ ንብረት በመዶሻ አደቀቀችው። እሷው ትክፈል።»

ድንጋዩን እንዲያይ የተላከው ባለሙያ ቃሉን ሰጠ። ስብራቱ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ ከመዶሻው በፊት የነበረ ነው አለ። «ይፈነዳ ነበር?» ሲባል ግን፣ «ሊፈነዳም ይችላል፣ አንድ ወር ሊሠራም ይችላል። ድንጋይ ነው» ብሎ ተቀመጠ።

ዳኛዋ ጥጢትን ቀደም ብለው በቢሯቸው ብቻዋን አነጋግረዋታል። አሁን እናትየዋን ረዘም አድርገው አዩዋት።

«ስንጥቁን ያወቅሽው መቼ ነው?»

«ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ቀን፣ ጥዋት።»

«ለሱ የነገርሽው በማግስቱ ነው።»

«አዎ።»

«ቀኑን ሙሉ ዝም ብለሽ ዋልሽ። ለምን?»

አጠገቧ የተቀመጠው ጠበቃዋ ክንዷን ነካ አደረጋት። እሷ ግን ቀና አለች። ጀርባዋን ለማሳየት ያፈረችው ሴት አሁን ከዚያ የባሰውን ልታሳይ ነው።

«እንዲሞት ፈልጌ።»

ችሎቱ ተንጫጫ። ባለኮቱ ጣቱን ቀስሮ ዘለለ። «ሰማችሁ! በአፏ! ገዳይ ናት!»

«ተቀመጥ» አሉ ዳኛዋ። «ገዳይ ብትሆን ኖሮ ዛሬ ቆመህ አትከሳትም ነበር።» ወደሷ ዞሩ። «ታዲያ ምን መለሰሽ?»

«ልጄ ሰማችው፣ ክብርት ዳኛ። ድንጋዩ አልመለሰም አለችኝ። እኔም ዝም በይ አልኳት። የአባቴን ገዳይ ድምፅ በራሴ አፍ ሰማሁት።»

ውሳኔው ለሁሉም የሚጥም አልነበረም። ሕግ ሕግ ነውና፣ ከፍርድ ቤት ሳታስፈቅድ ድንጋዩን ስለሰበረች ግምቱ ከድርሻዋ ተቀነሰ። በተረፈው ወፍጮውን ማስቀረት ስለማይቻላት ባለኮቱ ልዩነቱን ከፍሎ ወሰደው። ስለ ድብደባው ደግሞ ለብቻው ተከሶ፣ ከረጢት ያጠለቁበት ሴቶች ሁሉ መስክረው ታሰረ፤ ወፍጮው የተከፈተው ከወጣ በኋላ ነው። ልጅቷ ለእናቷ ተሰጠች፤ አባትየው ሌላ ሰው ባለበት እንዲያያት ተፈቀደለት።

ሰፈሩ የራሱን ፍርድ ሰጠ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ያሉ ነበሩ። «ዝም ብትል ኖሮ ሁለቱም በእጇ ነበር» ያሉም አልጠፉም፤ እነዚህን ሰላም አትላቸውም።

ዛሬ ጸጉሯ ሸብቷል። የተረገጠው ትከሻዋ ዝቅ ብሎ ቀርቷል። መሣሪያዋን በቦርሳ ይዛ ከወፍጮ ቤት ወፍጮ ቤት እየዞረች ትወቅራለች። ጥጢት ትልቅ ሴት ሆናለች፤ አብራት ትሠራለች፤ ጆሮዋ ከእናቷ ይበልጣል ይባላል። የባለኮቱም ድንጋይ ሲለሰልስ ራሱ አይመጣም፤ በደንበኛ ይልክባታል። ትሄዳለች። አንኳኩታ፣ ወቅራ፣ ዋጋዋን ተቀብላ ትወጣለች። «እንዴት አንጀትሽ ቻለ?» ቢሏት፣ «ድንጋዩ ምን አጠፋ?» ትላለች።

አንድ ቀን ሥራ ጨርሳ ደጃፏ ላይ መውቀሪያዋን ስትስል፣ አንዲት ልታገባ የደረሰች የጎረቤት ልጅ ጠየቀቻት። «እትዬ፣ ያን ሁሉ አልፈሽ፣ ለአንቺ ትልቁ ነገር ምን ነበር? ጥጢትን ማግኘትሽ ነው አይደል?»

ስለቱን በጣቷ ሞከረች። 

«ማግኘቴማ ጥሩ ነው» አለች። «ግን ፍርድ ቤት የሰጠውን ፍርድ ቤት ሊከለክለኝ ይችል ነበር። ድንጋዩን መስበሬም አይደለም፤ መዶሻ ማንም ያነሳል። ትልቁ ነገር በዚያ ጥዋት በሩ ላይ ጠብቄ ‹ልክ ሰምተሻል› ማለቴ ነው። ልጄ በጆሮዋ የሰማችውን እኔ ላስክዳት ነበር እኮ። አንድ ቀን ዘግይቼ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አልኳት።»